በሕይወት ታሪክ የማይነበበው መስመር

ሾርላይን ውስጥ፣ ሰሜን ምሥራቅ 150ኛው መንገድ ላይ፣ የዋሽንግተን ግዛት የሕዝብ ጤና ላቦራቶሪ ይገኛል። በግዛቱ የሚወለድ ሕፃን ሁለት ቀን ሳይሞላው ተረከዙ በትንሽ መርፌ ይነካና ጥቂት የደም ጠብታ ወፍራም ወረቀት ላይ ታርፋለች። ስትደርቅ ወረቀቷ ወደ ሾርላይን ትላካለች። ሬንተን የተወለደው የሐበሻ ልጅም፣ ስፖኬን የተወለደው የገበሬ ልጅም ደሙ የሚመረመረው እዚሁ ነው። ላቦራቶሪው ከ30 በላይ በሽታዎችን ይፈልጋል። አብዛኞቹ በዘር የሚወረሱ ናቸው፤ ቶሎ ከተደረሰባቸው ይታከማሉ፣ ካልተደረሰባቸው አእምሮን ወይም ሕይወትን ይነጥቃሉ። ዘሬ ተቆጠረብኝ ብላ የምታማርር እናት እምብዛም የለችም፤ ወረቀቷ የምትሄድበትን ከተማ ስም የምታውቀውም ጥቂት ናት። ነገሩ እንዲህ በጸጥታ የሚያልፈው አጎት ሳይደወልለት፣ አያት በምን እንደሞቱ ሳይጠየቅ፣ ማንም ለማንም ሳይናገር ስለሚሠራ ነው።

በትልቁ አንጀት ላይ ፖሊፕ እያበቀሉ ወደ ካንሰር የሚያደርሱት የዘር በሽታዎች ግን በዚያ ምርመራ ውስጥ የሉም። ላለመኖራቸው በቂ ምክንያት አለ፤ ሕፃን ላይ እምብዛም ጉዳት አያደርሱም፣ አብዛኞቹም ሥራቸውን የሚጀምሩት በአሥራዎቹ ዕድሜ ወይም ከዚያ ዘግይተው ነው። እንግዲህ መንግሥት በሕፃንነት የማይፈልገውን ነገር በኋላ የሚፈልገው ማነው? መልሱ ቤተሰብ ነው፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። በሾርላይንና በአካባቢዋ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ሐኪምም ላቦራቶሪም ከደጁ አለለት። ያጣው፣ ዘመድ ለዘመዱ ሊነግረው የሚገባውን የበሽታ ስምና የታመመበትን ዕድሜ ነው። ይህ ከሌለ ሌላው ሁሉ ያለ ሥራ ይቀመጣል።

ፖሊፕ ከአንጀት የውስጥ ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትርፍ ሥጋ ነው። አንዳንዱ እንደ እንጉዳይ ግንድ ያወጣል፣ አንዳንዱ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል። ዕድሜው 50 ባለፈ ሰው ላይ አንድ ሁለት መገኘቱ የተለመደ ነው። አብዛኛው ካንሰር ሳይሆን ይቀራል፤ የሚሆነውም ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። የኮሎኖስኮፒ ጥቅም ከዚህ ይመጣል። ሐኪሙ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ፖሊፑን አይቶ በሽቦ ቀለበት አንቆ ቆርጦ ያወጣዋል፤ ሊመጣ የነበረው ካንሰር ሳይጀመር ይቀራል። በአሜሪካ ፖሊፓቸው የተወገደላቸውን ሰዎች ለረጅም ዓመታት የተከታተለና በ2012 የታተመ ጥናት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአንጀት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከሕዝቡ አማካይ በግማሽ ያህል ቀንሶ አግኝቶታል። ይህ በዘር ላልወረሰው ሰው ነው። ለወረሰው የጊዜው ስሌት ሌላ ነው።

ከሚወረሱት በሽታዎች በደንብ የሚታወቀው በሐኪሞች ቋንቋ ፋሚሊያል አዴኖማተስ ፖሊፖሲስ፣ ባጭሩ ኤፍ ኤ ፒ ይባላል። ምንጩ በአምስተኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ኤፒሲ የተባለ ዘረመል ሲሆን፣ ተለይቶ የታወቀው በ1991 ነው። ሥራው የአንጀት ሕዋስ ያለ ልክ እንዳይባዛ መግታት ነው። ማንኛችንም ሁለት ቅጂ አለን። አንደኛው ተበላሽቶ የተወለደ ልጅ፣ ሁለተኛው ቅጂ አንድ ሕዋስ ላይ በአጋጣሚ በተበላሸ ቁጥር አንድ ፖሊፕ ያበቅላል። አንጀት ውስጥ ያለው ሕዋስ ብዛቱ ለቁጥር የሚያዳግት በመሆኑ ፖሊፖቹ በአሥራዎቹ ዕድሜ በመቶ፣ ከዚያ በሺህ ይቆጠራሉ። ሕክምና ያላገኘ ሰው በአማካይ 39 ዓመት ገደማ ላይ ካንሰር ይይዘዋል፤ 50 ዓመት ሲሞላው ያመለጠ ጥቂት ነው። ሺህ ፖሊፕ አንድ በአንድ ለቅሞ መጨረስ ስለማይቻል ትልቁ አንጀት አብዛኛውን ጊዜ በአሥራዎቹ መጨረሻ ወይም በሃያዎቹ መጀመሪያ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ወሬው ያስደነግጣል። ለብዙ ሰው የሚታየው ሆድ ላይ ከረጢት ለጥፎ ዕድሜ ልክ መኖር ነው። የሚበዛው ታካሚ ግን ትንሹ አንጀቱ ከፊንጢጣው ወይም ከራሱ ከትንሹ አንጀት ከተሠራ ማጠራቀሚያ ጋር ይገናኝለትና እንደማንኛውም ሰው ይጸዳዳል፤ ብቻ በቀን ደጋግሞ። ማጠራቀሚያው የሚሠራበት ቀዶ ሕክምና ለሴት የመውለድ ዕድልን ሊቀንስ ስለሚችል ያላገባች ልጅና ቤተሰቧ ከሐኪሙ ጋር ስለ ጊዜው መነጋገር አለባቸው። ከቀዶው በኋላም ቀሪው ክፍልና የትንሹ አንጀት መጀመሪያ በየጊዜው ይታያሉ። ቀላል ኑሮ ነው የሚል ይዋሻል፤ ከ39 ዓመቱ ካንሰር ጋር ግን አይወዳደርም።

ሊንች ሲንድረም በሌላ መንገድ ይሠራል። እዚህ ፖሊፖቹ አይበዙም፤ ችኩሎች ናቸው። ሕዋስ ሲባዛ የዘሩን ጽሑፍ ይገለብጣል፣ ሲገለብጥም ይሳሳታል፤ ስህተቱን እየፈለጉ የሚያርሙ ዘረመሎች አሉ። ከእነዚህ አራሚዎች አንዱ ተበላሽቶ ከተወረሰ ስህተት በስህተት ላይ ይከመራል፣ አሥር ዓመት ይፈጅ የነበረው ጉዞም በሁለት በሦስት ዓመት ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ኮሎኖስኮፒው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀመርና በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይደገማል። ሊንች ሴቶችን በማሕፀን ካንሰርም ያጠቃል፤ «እሷ የሞተችው በማሕፀን ነው፣ ወንድሟ በአንጀት ነው፣ ምን አገናኘው?» የሚባለው ሁለት ሞት አንድ ምክንያት ሊኖረው የሚችለው ለዚህ ነው። ሁለቱም በሽታዎች ከእናትም ከአባትም ይመጣሉ፤ አንድ ወላጅ ከያዘው ለእያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ ነው፣ ወንድ ሴት ሳይል። ከ2002 ወዲህ የታወቀው በሙቲዋይኤች ዘረመል የሚመጣው ፖሊፖሲስ ግን ከሁለቱም ወላጅ ካልተወረሰ አይታይም፤ እናትና አባት ጤነኛ ሆነው ልጆች ሊታመሙ ይችላሉ። ከንፈር ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ የሚያወጣው ፖይትዝ ጀገርስና ጁቨናይል ፖሊፖሲስም አሉ፤ እነሱ እጅግ ጥቂት ናቸው።

ቤተሰብ ከሐኪም ቀድሞ እንደሚያውቅ የሚያሳየው ማስረጃ ቆየት ያለ ነው። በ1895 ሚሺጋን ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ ለበሽታ ጥናት ሐኪሙ ለአልድረድ ዋርትን ቤተሰቦቿ በካንሰር እያለቁ መሆናቸውን፣ እሷም በዚያው እንደምትሞት ነገረችው። ጤነኛ ትመስል ነበር። እንዳለችውም በማሕፀን ካንሰር ሞተች። ዋርትን ነገሩን ችላ አላለም፤ ዘመዶቿን መዝግቦ በ1913 አሳተመ። ሲንድረሙ በስሙ የሚጠራው ሄንሪ ሊንች በ1966 ሌሎች ተመሳሳይ ቤተሰቦችን ይዞ እስኪመጣ የሰማው ግን ጥቂት ነበር፤ የልብስ ሰፊዋ ቤተሰብ ዘረመል የታወቀውም እሷ ከተናገረች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ለንደን የሚገኘው ሴንት ማርክስ ሆስፒታል ደግሞ በ1924 የፖሊፖሲስ ቤተሰቦችን መዝገብ ከፈተ። ከመዝገቡ የወጣው ውጤት እስከ ዛሬ ክርክሩን የሚዘጋ ነው። ደም አይቶ ወይም ታሞ ከመጣው ታካሚ ከሦስቱ ሁለቱ ያህሉ ሲመረመር ካንሰር ደርሶበት ነበር፤ ዘመዳቸው ስለታመመ ብቻ ተጠርተው ከመጡት ግን ካንሰር የተገኘባቸው ጥቂት ነበሩ። ዘረመሉ አንድ፣ ቤተሰቡ አንድ፤ ልዩነቱን ያመጣው ጥሪው ነው። ፊንላንድ ውስጥ የሊንች ቤተሰቦች ላይ 15 ዓመት የተካሄደና በ2000 የታተመ ጥናትም በየሦስት ዓመቱ ኮሎኖስኮፒ ካደረጉት ውስጥ በአንጀት ካንሰር አንድም ሰው እንዳልሞተ፣ ካላደረጉት ግን ዘጠኝ እንደሞቱ ይናገራል።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንምጣ። በቀብር ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል። የትውልድ ቦታና ዘመን፣ የእናትና የአባት ስም፣ የተማሩበት፣ ያገለገሉበት መሥሪያ ቤት፣ እንግዳ ተቀባይነታቸው፣ የልጅና የልጅ ልጅ ቁጥር ሳይቀር ይዘረዘራል። መጨረሻው ላይ «ባደረባቸው ሕመም በአገር ውስጥና በውጭ አገር ሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይባልና ወደ ቀኑ ይታለፋል። ከፊት ተደርድረው ለሚያለቅሱት ልጆች ከዚያ ወረቀት ሁሉ ለነፍሳቸው የሚጠቅማቸው መስመር ይቺ ነበረች፤ ባዶዋን አለፈች። ምን ሕመም ነው ያደረባቸው? በስንት ዓመታቸው? ሐዘንተኛን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፣ በዚያች ቀን ነውር መሆኑም ትክክል ነው። ሰልስት አልፎ፣ አርባ ወጥቶ፣ ሙት ዓመት ሲዘከርም ግን አይጠየቅም። «ክፉ በሽታ» ተብሎ የታለፈው ስም የሟችን ክብር የጠበቀ ይመስላል፤ ሕያዋኑን ግን ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲሄዱ ያደርጋል።

ከሞት በፊትም ስሙ ይሰወራል። ሰገራ ላይ ደም ሲታይ መጀመሪያ የሚጠራው ኪንታሮት ነው። ሆድ ሲነፋ አሜባ፣ ሲቆርጥ ጃርዲያ፣ ምግብ ሲከለክል ጨጓራ ይባላል። እነዚህ በሽታዎች አገራችን ውስጥ በእርግጥ ሞልተዋል፤ ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ ስለሚሆን ነው ልክ በማይሆንበት ጊዜ የሚገድለው። የ30 ዓመት ወጣት ለስድስት ወር የኪንታሮት ቅባት ሲቀባ ከርሞ፣ ደሙ አልቆ፣ ሰውነቱ ሟሾ ሆስፒታል ይደርሳል። ሲሞት ቤተሰቡ የሚያስታውሰው «ኪንታሮት ነበረበት» የሚለውን ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላ ሾርላይን ያለች የወንድሙ ልጅ «ቤተሰባችን ውስጥ ካንሰር የለም» ብላ ፎርም ላይ ትሞላለች። አልዋሸችም።

በዘረመል አማካሪ ፊት የሚሆነው ይህን በደንብ ያሳያል። አማካሪዋ የቤተሰብ ዛፍ ትሥላለች፦ ወንድ አራት ማዕዘን፣ ሴት ክብ፣ የሞተው ላይ ሰያፍ መስመር ይጣልበታል፣ ካንሰር የያዘው ይጠቁራል። የምትጠይቀው ሦስት ትውልድ ነው። ሐበሻ ታካሚ የስም ችግር የለበትም። የእናቱን ሰባት ወንድምና እህት በልደት ቅደም ተከተል ይጠራል፤ ግማሽ ወንድሙን ከሙሉው ይለያል። የዛፉ ቅርጽ በደቂቃዎች ይሞላል። ከዚያ «አጎትህ በስንት ዓመቱ ሞተ?» ሲባል እርሳሱ ይቆማል። ልምድ ያለው አስተርጓሚ ጥያቄውን ያዞረዋል፦ ንጉሡ ሲወርዱ ትዳር ይዞ ነበር? ደርግ ሲወድቅ ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር? በባድመ ጦርነት ጊዜ በሕይወት ነበር? በዚህ መንገድ 1974፣ 1991፣ 1998 ችካል ሆነው «ወጣት ነበር» የተባለው ሰው 41 ዓመት ገደማ ይሆናል። አማካሪዋ የምትፈልገው ቁጥር ይህ ነው፤ ከ50 በፊት የመጣ የአንጀት ወይም የማሕፀን ካንሰር ትልቁ የማስጠንቀቂያ ደወል ስለሆነ። እንደ ልጅ ያደገው የእህት ልጅም በዛፉ ላይ በደም ቦታው መቀመጥ አለበት፤ ይህን መናገር ፍቅሩን አይቀንስም።

የዘር ቆጠራ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ተቀምጦ በእናትም በአባትም እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። የሚቆጠረው ዝምድና እንዳይደበላለቅ እንጂ ለሕክምና ተብሎ አይደለም፤ ቢሆንም እንደ ሙቲዋይኤች ያሉ ከሁለት ወገን የሚወረሱ በሽታዎችን ዕድል ዝቅ ማድረጉ አይቀርም። ኤፍ ኤ ፒና ሊንችን ግን አያስቆምም፤ እነሱ አንድ ወገን ይበቃቸዋል። ሰባት ቤት መቁጠር የሚችል ሕዝብ ሦስት ቤት በበሽታ መቁጠር ያቅተዋል ማለት አይቻልም። ሙያው አለ፤ የቆጠራው ጥያቄ ላይ ሁለት ቃል መጨመር ነው የቀረው፦ በምን፣ በስንት ዓመቱ።

ይህን መረጃ ይዞ ለሚመጣ ሰው የሾርላይን ጎረቤት ሲያትል ከዓለም ምርጥ ቦታዎች አንዷ ናት ማለት ማጋነን አይሆንም። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዘረመል ክፍል በ1957 በአርኖ ሞቱልስኪ የተቋቋመ ነው። በዘር የሚወረስ የጡት ካንሰር ዘረመል የሚገኝበትን አቅጣጫ በ1990 ያሳየችው ሜሪ ክሌር ኪንግ የምታስተምረው እዚሁ ነው። ዓለም ላይ ያሉ ሐኪሞች ስለ ዘር በሽታ ሲጠራጠሩ የሚከፍቱት ጂን ሪቪውስ የሚዘጋጀው እዚህ ነው። የሊንችንና የፖሊፖሲስን ዘረመሎች በአንድ ጊዜ የሚያነብ ኮሎሴቅ የተባለ ምርመራም የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ሥራ ነው። ከነሐሴ 2024 ወዲህ ደግሞ በ148ኛው መንገድ ባለው የሾርላይን ጣቢያ ባቡር ላይ የወጣ ሰው ሩብ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ፊት ለፊት ይወርዳል። ሐርበርቪው ሆስፒታል ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለኢትዮጵያውያንና ለኤርትራውያን በቋንቋቸው የጤና መረጃ ሲያዘጋጅ ቆይቷል። ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ክፍተት በሕግ የተሠራ ነው፦ ሐኪም የታካሚውን ምስጢር ይዞ ለወንድሙ መደወል አይችልም። ዘረመሉ ከአንድ ሰው ላይ ሲገኝ ለዘመዶቹ የሚነግረው ያ ሰው ራሱ ነው። እሱ ዝም ካለ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። በየትም አገር ሊመረመሩ ከሚገባቸው ዘመዶች ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች የሚሆኑት ብቻ የሚመረመሩት ለዚህ ነው፤ ዝምታው የሐበሻ ብቻ አይደለም።

«ከአሥር ሺህ አንድ ሰው ለሚይዝ በሽታ ይህ ሁሉ ጩኸት ለምን?» የሚል ይኖራል። የኤፍ ኤ ፒ ስርጭት በእርግጥ ወደዚያ ይጠጋል። ሊንች ግን ከ300 ሰው አንዱን ያህል ይይዛል፤ ትልቅ ሠርግ ላይ አንድ ሰው ማለት ነው። ከዚያም በላይ፣ የቤተሰብ ታሪክ የሚጠቅመው ዘረመሉ ለተገኘበት ብቻ አይደለም። እናቱ፣ አባቱ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ 60 ሳይሞላቸው የአንጀት ካንሰር የያዛቸው ሰው ምንም ዘረመል ባይገኝበት እንኳ ኮሎኖስኮፒውን በ40 ዓመቱ፣ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ አሥር ዓመት ቀድሞ መጀመር አለበት፤ ከሁለቱ የቀደመው ይመረጣል። አባቱ በ44 የታመመ በ34 ይጀምራል። አሜሪካ ለሁሉም ሰው ያወጣችው መነሻ ዕድሜ 45 ነው። የአባቱን ዕድሜ ያልነገረ ልጅ በ45 እንዲመጣ ይነገረዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፦ «የማናውቀውን ምን ብለን እንንገር? አያቶቻችን የሞቱበት መንደር ሐኪም አልነበረም።» እውነት ነው። አዲስ አበባ እንኳ ሕዝብን መሠረት ያደረገ የካንሰር ምዝገባ የተጀመረው በ2011 ነው። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የበሽታው ስም ባይታወቅ ምልክቱና ዕድሜው ይታወቃል፤ በ38 ዓመቱ ደም እየወጣው፣ እየከሳ፣ ሆዱ አብጦ የሞተ አጎት ለአማካሪ ብዙ ይናገራል። ሁለተኛ፣ አለማወቅን እንደ ጤና መቁጠር አይገባም። «የለም» እና «አይታወቅም» ፎርሙ ላይ የተለያዩ ሳጥኖች ናቸው፤ ሁለተኛው ላይ ምልክት ማድረግ ያሳፈረው ሰው የለም። ከኤፍ ኤ ፒ ታካሚዎችም ሩብ ያህሉ በቤተሰባቸው የመጀመሪያ ናቸው፤ ዘረመሉ በእነሱ ላይ አዲስ ተበላሽቷል። እዚህ ላይ ግን ሐቁን መሸሽ አይገባም፦ የዘረመል መዛግብት በአብዛኛው ከአውሮፓ ዘር ሰዎች የተሰበሰቡ በመሆናቸው አፍሪካዊ ሲመረመር «ትርጉሙ ያልታወቀ ልዩነት» የሚል ውጤት ይበዛበታል። ያ ውጤት በሽታ ማለት አይደለም፣ ነጻ ማለትም አይደለም፤ ቀዶ ሕክምናም ሊወሰንበት አይገባም። ትርጉሙን ለማግኘት ከሚረዱት መንገዶች አንዱ ልዩነቱ ከበሽታው ጋር በቤተሰቡ ውስጥ አብሮ መውረድ አለመውረዱን ማየት ነው፤ ይህም እንደገና ዘመድ ይጠይቃል።

የሚነገረው በዝግታ፣ የሚፈራው ግን ከሁሉ በላይ የሆነው ነገር ትዳር ነው። «ዘራቸው ካንሰር አለበት» ከተባለ ሴት ልጅ ማን ይጠይቃል? ፍርሃቱ መሠረት የለውም ብዬ አልከራከርም፤ ሐሜት መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ስሌቱን እስከ መጨረሻው እናስላው። ዝም የተባለበት ዘረመል ይታያል፤ የሚታየው ከጋብቻ በኋላ፣ ሁለት ልጅ ተወልዶ፣ በ39 ዓመት ነው። የታወቀ ዘረመል ያለው ሰው ሙሉ ዕድሜ መኖር ይችላል፤ ግማሹ ወንድምና እህት ደግሞ ተመርምሮ ነጻ መሆኑ ይረጋገጣል፣ ልጆቹም ከዚያ ቅርንጫፍ አይፈሩም። ሐሜት ይህን ነጻ መውጣት ሊሰጥ አይችልም። የኢንሹራንስ ስጋቱም በከፊል ብቻ ልክ ነው። በ2008 የወጣው የፌዴራል ሕግ የጤና ኢንሹራንስ ድርጅትና 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ በዘረመል ውጤት እንዳያገል ይከለክላል፤ የሕይወት፣ የአካል ጉዳትና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስን ግን አይመለከትም። የሕይወት ኢንሹራንስ መግዛት የሚያስብ ሰው ከምርመራው በፊት ቢያስብበት ይሻላል። ከ45 ዓመት በታች ያለ ሰው ኮሎኖስኮፒ ላይ ከኪሱ የሚከፍለው ሊኖር ስለሚችልም ቀድሞ ለኢንሹራንሱ መደወል ነው።

ስለ ምርመራው የሚወራው ከምርመራው ይከብዳል፤ እውነተኛው ችግር ዝግጅቱ ነው። ከቀናት በፊት ጀምሮ ፍሬና አሰር ያለው ምግብ ይቆማል፦ የጤፍ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ቆሎ፣ በተለይ ተልባ። የሚፈቀደው ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ እንቁላል፣ ዶሮ ነው። ጾም ላይ ላለ ምእመን ግማሹ ዝርዝር ይፈርስበታል፤ በዐቢይ ጾም መካከል የተያዘ ቀጠሮ የሚሰረዘው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ቀጠሮውን ከፋሲካ በኋላ ማድረግ ወይም በነጭ ሩዝና ፓስታ መወጣት ይቻላል፤ ማንም ግን ይህን አስቀድሞ አይነግረውም። በዋዜማው ወተት የሌለው ሻይና ቡና ይፈቀዳል፣ ቀይ መጠጥ ይከለከላል፤ የሚያስቀምጠው ፈሳሽ በብዛት ይጠጣል፣ ሌሊቱ መጸዳጃ ቤት ያልፋል። ማደንዘዣ ስላለ አዋቂ ሰው መጥቶ ካልወሰደ ሆስፒታሉ አይለቅም፤ እስከ ማግስቱ መንዳት የለም። ታክሲ ወይም ኡበር ለሚነዳ ሰው ይህ የሁለት ቀን ገቢ ነው። «ጊዜ የለኝም» የሚለውን ሁሉ እንደ ንዝህላልነት መውሰድ ፍርደ ገምድልነት ነው። በየዓመቱ ለሚደገም ምርመራ የሚነዳና የሚያደርስ ሰው በተራ ማዘጋጀት እድር ሊሠራው የሚችል ነገር ነው።

ሁሉንም የሚያከብደው ተቃውሞ ከአገር ቤት ይመጣል። ሾርላይን ያለው ወንድም ዘረመሉ ተገኝቶበታል። ደሴ ያለች እህቱ ጋ ደውሎ ምን ይላታል? በኢትዮጵያ ወንዶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ከቀዳሚዎቹ አንዱ የአንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር ነው፤ ኮሎኖስኮፒ ግን በአዲስ አበባ እንደ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ባሉ ሆስፒታሎችና በግል ክሊኒኮች ይገኛል እንጂ በየወረዳው የለም። «ማስጨነቅ እንጂ ምን ትርፍ አለው?» ማለት ከጭካኔ ሳይሆን ከርኅራኄ የሚወጣ ቃል ነው። ሆኖም ሲያትል ላይ ዘረመሉ ከታወቀ በኋላ እህቱ የምትፈልገው ምርመራ ትንሽ ነው፦ የተበላሸችውን አንዲት ቦታ ብቻ መፈለግ፤ የመጀመሪያው ታካሚ ላይ እንደተደረገው ብዙ ዘረመል ማንበብ አያስፈልግም። ይህም ባይገኝ ኤፍ ኤ ፒ ዓይን የሚያየው በሽታ ነው፤ ከፊንጢጣ ጀምሮ አጭሩን ክፍል ብቻ የሚያይ ምርመራ ለ15 ዓመት ልጅ ብዙ ይናገራል። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ሰገራዋ ላይ ደም ያየች ዕለት ኪንታሮት ነው ብላ ስድስት ወር አትቀመጥም። ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ለሚደረግ አንድ ምርመራ ቢውል ጥቅሙ ከሠርግ መዋጮ አያንስም። አማካሪዎች ለዘመድ የሚሰጥ ደብዳቤ ያዘጋጃሉ፤ የዘረመሉ ስምና የተበላሸበት ቦታ ፊደል በፊደል ይጻፍበታል። «ካንሰር በዘራችን አለ ተብሏል» የሚል ስልክ ያስደነግጣል፤ ያ ደብዳቤ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ሲደርስ ግን ሐኪም ሊያነበው የሚችል ሰነድ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ልጆች ናቸው፤ ብዙ ቤት ውስጥም ከሁሉ ቀድመው የሚሰሙት እነሱ ናቸው። እናት ወይም አባት ቀጠሮ ሲኖራቸው የ13 ዓመቷ ልጅ እንድታስተረጉም ትወሰዳለች። ሐኪሙ «ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ዕድል» ሲል ዓረፍተ ነገሩን ወደ አማርኛ የምትመልሰው ራሷ ናት፤ ስለ ራሷ መሆኑን ከማንም በፊት እዚያው ትረዳለች። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ሲያዝ «አማርኛ አስተርጓሚ» ማለት ይበቃል። ለልጅቷ የሚነገራት በወላጅ አፍ፣ በዕድሜዋ ልክ፣ በሽታው በሚጠይቀው ጊዜ መሆን አለበት። ጊዜውም በሁለቱ በሽታዎች አንድ አይደለም። ቤቱ ውስጥ ያለው ኤፍ ኤ ፒ ከሆነ ልጅ ከ10 እስከ 12 ዓመት ገደማ ላይ ይመረመራል፤ ዘረመሉ ካለ የአንጀት ክትትሉ ያኔውኑ ይጀመራል፣ ከሌለ ከዝርዝሩ ይወጣል። ሊንች ከሆነ ከ20 ዓመት በፊት የሚደረግ ነገር ስለሌለ አብዛኞቹ ሐኪሞች 18 እስኪሞላው ይጠብቃሉ፤ መመርመር አለመመርመሩንም የሚወስነው ያን ጊዜ እሱ ራሱ ነው።